ሦስተኛው ቁልፍ

ዘይዳ ክንዷን እስከ ክርኗ በጨው ጆንያው ውስጥ ሰድዳ ቁልፉን ወደ ታች ስትገፋ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኛ ነን። ፈንታነሽ ዐረፈች።»

የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረ ሕይወት ነበሩ፤ ከኋላቸው ገንዘብ ያዡ ሐምዱ። ፈንታነሽ ከአጥር ወዲያ ያለች ጎረቤት ነበረች። ልጅም ዘመድም የላትም፤ ያላት ዕድሩ ብቻ ነው።

የሞጣ ገበያ ዕድር ክርስቲያኑንም እስላሙንም ይቀብራል፤ ከቀብር የተረፈውን ለአባላቱ ያበድራል። ሳጥኑ ሦስት ጓጉንቸር አለው። አንዱ ቁልፍ በዳኛው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ ሦስተኛው በዘይዳ ባል በሳሊህ እጅ ነበር። ባለ ቁልፍ ሲሞት ቁልፉ ለጉባኤው ይመለሳል፤ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ሌላ ይመረጣል። ደንቡን ያረቀቀው ራሱ ሳሊህ ነው።

ሳሊህ በ1970 ጥቅምት ላይ ከተወሰደ አራት ወሩ ነው። ባለፈው ሐሙስ ዘይዳ ቢቸና እስር ቤት ድረስ ስንቅ ይዛለት ሄዳ ነበር። ዘበኛው ስንቁን አልተቀበላትም። የሳሊህን ኮት አጣጥፎ ሰጣትና፣ «ከእንግዲህ አትድከሚ» አላት። ቁልፉ በኮቱ ገበር ውስጥ ነበር። ደርግ ለገደለው ሰው ማልቀስ ክልክል ነው። ለማንም አልተናገረችም። ቁልፉን ብታስረክብ ሳሊህን በገዛ እጇ ሞተ ማለቷ ነው።

«ቁልፉን ይዞት ነው የሄደው?» አሉ ገብረ ሕይወት።

«ይዞት ነው፣ አያ።»

«ጨው ነጋዴ! ሲታሰር እንኳ ቆልፎብን ሄደ» ብሎ ሐምዱ ሳቀ። የሳቀው ብቻውን ነው።

«እንስበረው ይሆን?» አሉ ዳኛው።

«ደንቡ ምን ይላል?» አለች ዘይዳ።

«ባለ ቁልፉ ከሞተና ቁልፉ ከጠፋ ይሰበር ይላል።»

«ታዲያ ሞቷል?»

ሐምዱ ሊያዋጣ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።

«ተው» አሉት ገብረ ሕይወት። «አባል በልመና አይቀበርም። ይህም የሳሊህ ደንብ ነው።» ወደ ዘይዳ ዞሩ። «በነተበ ቀሚሷ ተኝታለች፣ ልጄ። በምን እንገንዛት?»

ዘይዳ ወደ ጆንያው ተመለሰችና ክንዷን ሰደደች።

«አላስረክብም» አለች ቁልፉን ጨብጣ። «እኔው እከፍተዋለሁ። ሳሊህ ልኮኝ ነው።»

ገብረ ሕይወት ጨው የተጣበቀበትን ቁልፍ አዩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውንም ኮት አዩ፤ ሳሊህ በተወሰደ ቀን ለብሶት ነበር።

«ልኮሽ ከሆነ መልካም» አሉ። ሐምዱ መሳቁን ትቷል።

ቃለ ጉባኤው ላይ፣ «አቶ ሳሊህ ቁልፉን በሚስቱ ልኮ ሳጥኑ ተከፈተ» ተብሎ ተጻፈ። ሦስቱም ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ዘይዳ ቁልፏን ይዛ ትመጣለች። ሦስተኛው ጓጉንቸር ጠቅ ሲል ሁሉም ወደ በሩ ዞር ይላሉ፤ ሳሊህ ድሮም አርፍዶ ነበር የሚመጣው። እሱ ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ የሚቀመጥ የለም። «እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቃትም የለም።

የሳሊህ ስም የተሰረዘው ደርግ ሞጣን በለቀቀበት በ1983 ዓ.ም. ነው። የለቅሶው ድንኳን ሦስት ቀን ቆመ።