ከስልክ ቤቱ የወጣው ፉጨት

በደርግ ዘመን፣ ጦርነቱ ወደ ላስታ እየተጠጋ ሳለ፣ ለምርምር ላሊበላ ሄድኩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። የማጠናው ኮምፒውተሮች በተራ የስልክ መስመር እንዴት መልእክት እንደሚለዋወጡ ነው። ሩቅ መስመር ላይ ነፋሱ፣ ዝናቡና ያረጀው ሽቦ መልእክቱን ያበላሹታል። የጻፍኩት ፕሮግራም መልእክቱን ቆራርጦ ይልክና የተበላሸውን ቁራጭ ለይቶ እንዲደገም ይጠይቃል። አማካሪ መምህሬ፣ "መጥፎ መስመር ላይ ካልሞከርነው መሥራቱን በምን እናውቃለን?" አሉኝና አንዲት ሳጥን ሠሩልኝ። ሳጥኗ ፊደሉን ወደ ፉጨት ትለውጣለች፤ ፉጨቱ በስልክ አዲስ አበባ ሲደርስ የእኛ ኮምፒውተር መልሶ ፊደል ያደርገዋል።

ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ወረቀት ይዣለሁ። ቢሆንም ከወልዲያ ጀምሮ በየኬላው ሳጥኗን በከፈቱ ቁጥር ሳይጠይቁኝ ወረቀቱን እዘረጋላቸው ነበር። ታላቅ ወንድሜ "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብሎ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ መለዮ የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

የላሊበላ ስልክ ቤት አንድ ክፍል ናት። ስልከኛዋ በዕድሜ ከእናቴ ትንሽ የሚያንሱ፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። መስመሩን በወልዲያና በደሴ በኩል አገናኙልኝና ሳጥኗን አስጮህኳት። ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ቄስ ጆሯቸውን ይዘው፣

"ልጄ፣ ይህ የያዝሽው ነገር ምን እያለ ነው?" አሉኝ።

"ለአዲስ አበባ ሰላምታ እያቀረበ ነው፣ አባቴ።"

ሰዉ ሳቀ። በሩን ተደግፎ የቆመ አንድ ሰው ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ያው ሰው ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ መጣ። ካድሬ ነው። ሳጥኗን በአንድ እጁ እኔን በሌላው ይዞ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ።

"ለማን ነው የምታፏጪው?"

"ለኮምፒውተር ነው፣ ጓድ።"

"ኮምፒውተር የሚባለው ወንበዴ የት ነው የሚገኘው?"

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። የፈቃድ ወረቀቴን ብሰጠው ሳያነበው ኪሱ ከተተው። ላስረዳው ሞከርኩ፤ የማውቀው አማርኛ ሁሉ ጠፋብኝ። ስለ ምልክት፣ ስለ መስመር፣ ስለ መላክና መቀበል ባወራሁ ቁጥር ራሴን ይበልጥ ሰላይ አስመሰልኩ።

እህል ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ውስጥ ዘጋብኝ። ጓሮ ውስጥ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር መጡ እያልኩ ተነሥቼ እቆማለሁ፤ ኮቴው ሲያልፍ ግድግዳውን ይዤ እቀመጣለሁ። እናቴን አሰብኳት። ሁለተኛ ልጇንም እንዲሁ፣ የት እንደደረሰ ሳታውቅ፣ ልትጠብቅ ነው።

ቀትር ላይ ስልከኛዋ ቆሎና ውኃ ይዘው መጡ። ጠባቂው ፈቀቅ ሲል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"እኔ ነኝ የተናገርኩብሽ" አሉኝ። "ካድሬው የምትልኪው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ፉጨት ነው፣ ትርጉሙን አላውቀውም አልኩት። ብደብቅ ደግሞ ልጆቼ ያለ እናት ይቀራሉ።"

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። አቅም አጣሁ።

"አሁን መምህርሽ ጋ ሊደውል ነው። ይቆሙልሻል?"

 በዚያ ዘመን ከላስታ፣ ከካድሬ አፍ የራሱን ስም የሰማ ሰው "አላውቃትም" ቢል ማን ይፈርድበታል?

ወደ ስልክ ቤቱ ወሰዱኝ። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር መስመሩ ይንጫጫል። ካድሬው መነጋገሪያውን ይዞ ታውቃታለህ ወይ እያለ ጮኸ፤ ምንም አልሰማ አለውና ለስልከኛዋ፣ "አንቺ አዳምጪና የሚለውን ንገሪኝ" አላቸው። እሳቸው ማዳመጫቸውን አጠለቁ።

"'አዎ፣ ተማሪዬ ናት' ይላሉ።"

"ስለ ሳጥኑ ጠይቂው።"

ስልከኛዋ ጮኸው ጠየቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ዐይናቸው የገመዶቹ መሰኪያ ላይ ነበር። መምህሬ ካዱኝ ብዬ አሰብኩ።

"'ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ' ይላሉ። 'የላክኋትም እኔ ነኝ። መንግሥት ያውቀዋል። ጥፋት ካለ እኔ ልጠየቅ' ይላሉ።"

ካድሬው ረጅም ጊዜ ዐየኝ። "መንግሥት ያውቀዋል" የምትለዋ ቃል ሳትከብደው አልቀረችም። ሳጥኗን አስቀረና በመጀመሪያው መኪና ከላስታ እንድወጣ አዘዘኝ። በእህል መኪና ወልዲያ እስክደርስ ድረስ ከኋላዬ ይመጣል እያልኩ አንገቴን ሳዞር ዋልኩ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ መምህሬ ቢሮ ሄጄ እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ምን አደረግኩልሽ?"

በስልክ ያሉትን ነገርኳቸው። በሩን ተነሥተው ዘጉት።

"እኔ 'አዎ፣ ተማሪዬ ናት' ብቻ ነው ያልኩት። ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ። መልሼ ልደውል ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ።" ቀና ብለው እያዩኝ፣ "ባይቆረጥ ኖሮ ሌላውን እል እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም" አሉ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያን ቃል የፈጠሩት ስልከኛዋ ናቸው፤ ዝም ያለ ገመድ እያዳመጡ፣ ካድሬው አጠገባቸው ቆሞ። ቢታወቅባቸው እህል ቤቱ ውስጥ የሚገቡት እሳቸው ነበሩ።

ላመሰግናቸው አልቻልኩም። ደብዳቤ ይከፈታል፣ ስልክ ይደመጣል። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ በጦርነቱ ተዘጋ። ምርምሩን የጨረስነው እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ በመጥፎው መስመር ፋንታ መልእክቱን ሆን ብሎ የሚያበላሽ ሌላ ፕሮግራም ጽፈን ነው። መመረቂያዬ ተወደሰ። ስልከኛዋ ምን እንደገጠማቸው ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።