የማይሞላ ጉድጓድ

ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ ሰፋሪው በቁጥር ከሚጠራቸው አምባዎች በአንዱ፣ «ሽንት ቤት ላስቆፍር» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስጠራው እንድሪስን ነው። ስሙ የወጣው በአንድ ነገር ነው፤ የእንድሪስ ጉድጓድ አይሞላም። የሌላው ሰው ቁፋሮ በሦስተኛው ክረምት አፉ ድረስ ገንፍሎ ባለቤቱን ከጎረቤት ሲያጣላ፣ የእሱ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ገና ጨምሩልኝ ይላል።

ምሥጢሩ ምሥጢር አይደለም። ሴፕቲክ ታንክ ሲሠራ ዙሪያውን በድንጋይ ይገነባል እንጂ ወለሉን ሲሚንቶ አያስነካም። የኮንክሪት ክዳኑ፣ ሶሌታው፣ ከመደፋቱ በፊት አንድ በርሜል ሙሉ ውሃ ያስገለብጥበታል። ሰው ምሳውን በልቶ እስኪነሣ ውሃው ከጠፋ «ጠጣ!» ይባላል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ለቆፋሪው ዶሮ ይታረዳል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ትዕግሥት ስንት ጊዜ ለምናዋለች።

«አባቴ፣ ኧረ ወለሉን ድፈኑት። ቆሻሻው ወደ ሰው ውሃ ይሄዳል።»

«ድፍኑማ ይሞላል፣ የኔ ልጅ። ሲሞላ ማን ሊመጠው ነው? መምጠጫው መኪና በዚህ ጭቃ ክንፍ አውጥቶ ይመጣልሻል?»

እውነቱን ነው፤ መኪናው አይመጣም። ጎረምሶቹም «አያ እንድሪስ፣ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አያርቁት፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» እያሉ ይተርቡታል። እሱም «ካላራቅሁት መች ትከፍሉኛላችሁ!» ብሎ ዶማውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። እንዲህ እየተሳሳቀ ኖረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አሉ፤ አላሰበውም እንጂ።

አሁን ሪምን እወቋት። ሪም ከእንድሪስ ግቢ ዝቅ ብሎ፣ ከቀርከሃው አጥር ማዶ የምትኖር የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታ ሴት ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የወሎን ሰው ጭነው እዚህ ጫካ ሲያራግፉት፣ እንድሪስ ገና የወተት ጥርሱ ያልረገፈ ልጅ ነበር። ወባው፣ ተቅማጡ፣ ረኃቡ ተባብሮ ሰፋሪውን እንደ ቅጠል ያረግፈው ጀመር። ያኔ ሪም ኮረዳ ናት። ከአባቷ ጉድጓድ በቅል ውሃ ቀድታ መጥታ፣ አፉ ለደረቀው ልጅ ሰጠችው። ቋንቋ አልተግባቡም፤ ምን ያግባባቸዋል? ቅሉን ብቻ ዘረጋችለት፣ ጠጣ። እናቱ እስክትሞት ድረስ «የሪምን ውሃ የረሳ ጡቴን ይርሳ» ትል ነበር።

አልረሳም ነበር። አንድ በጋ የሪም ጉድጓድ ቢደርቅባት፣ ሳንቲም ሳይቀበል ወርዶ ቆፈረላት። ዓለት ሲገጥመው በዲጅኖ መታው፤ በላይኛው በኩል፣ በእሱ ቤት አቅጣጫ ካለው ስንጥቅ ውሃ ቧ ብሎ ፊቱን አጠበው። «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አለቀሰ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጣሳ ራሱ ጠጣ። የጉድጓድ ሰው ወግ እንዲህ ነው፤ ውሃ ያወጣም ሆነ ውሃ ያጸዳ፣ አንደኛውን ጣሳ ሳይጠጣ ባለቤት አይቀምስም። ጠጥቶ ዝም ካለ ውሃው ደግ ነው።

ኋላ ቦኖ ገባና እነ እንድሪስ ከቧንቧ መቅዳት ጀመሩ። ሪም ግን «የአባቴ ውሃ ይበቃኛል» ብላ በጉድጓዷ ጸናች።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እንድሪስ ራሱ የሚጠቀመው በእንጨት ርብራብ ሽንት ቤት ነበር። የሰው ሲሠራ የራሱ ጊዜ አላገኘም። አምና ግን የሚስቱ የከድጃ ጉልበት ታመመ። ቁጢጥ ማለት አቃታት፤ እንጨቱን ይዛ ስትነሣ የምታሰማው ድምፅ አንጀቱን በላው። «ወላሂ እንደ ከተማ ሴት ቁጭ ብለሽ ትጠቀሚያለሽ» ብሎ ማለላት። ነጭ መቀመጫውን ከአሶሳ ገዝቶ በባጃጅ አስመጣና ጓሮውን መቆፈር ጀመረ።

ወደ ታች በወረደ ቁጥር መሬቱ እልኸኛ ሆነበት። በመጨረሻ ዓለቱ ላይ ስንጥቅ አገኘ። ጠጠር ቢለቅበት እየተንከባለለ ድምፁ ራቀ። ሌላ ቆፋሪ ቢሆን በደስታ ይጮህ ነበር፤ እንድሪስ ግን ዲጅኖውን እንደያዘ ቆመ። ስንጥቁ ወደ ታች፣ ወደ ሪም ጉድጓድ ነው የሚሄደው። ያንን ዓለት ያውቀዋል፤ በሌላው ጫፉ ፊቱን ያጠበው እሱ ነው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች ከድጃ ከላይ፣ በምርኩዟ ተደግፋ።

«ምንም። ጥሩ መሬት ነው» አላት።

አይ እንድሪስ! ትንሽ ሲሚንቶ ይበቃው ነበር እኮ። ግን እንዴት ብሎ? የእንድሪስ የራሱ ጉድጓድ ይሙላ? አምባው ምን ይለዋል? ምናልባት ሌላ ስንጥቅ ይሆናል፤ ምናልባት አፈሩ ያጣራዋል፤ ምናልባት፣ ምናልባት። በርሜሉን ገለበጡት። እንኳን ምሳ ሊበላ፣ ሰው እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ ውሃው ጠፋ። «ጠጣ!» ተባለ። ሪም ራሷ በአጥሩ በኩል እልል አለችለት።

ክረምቱ ሲገባ ሪም በጆግ ውሃ ይዛ መጣች። ላዩ ላይ ስስ አረፋ ነበር።

«ያ እንድሪስ፣ ስማ፣ ውሃ ልክ አይደለም። አንተ አይደለ ቆፈረው? አንተ እይ» አለችው።

አሸተተው። የከድጃ ሳሙና ነው። ሌላም ነገር ነው። «ይኼው እንግዲህ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበር፤ አንዲት ቃል። አፉ ግን «ጎርፍ ገብቶበት ነው እትዬ ሪም፣ የክረምት ነገር! አጸዳዋለሁ፣ ይጠራል» አለ።

ሄዶ ከላይ ከላይ ቀድቶ ደፋ፣ ክሎሪን ጨመረበት፣ ውሃው ለዓይን ጠራ። ሪም ደስ አላት። የመጀመሪያውን ጣሳ ቀድታ እንደ ወጉ በሁለት እጇ አቀረበችለት። እንድሪስ ጣሳውን አየው። ያንን ውሃ ጠጥቶ ነው ያደገው። እጁን አልዘረጋም።

«ጾም ነኝ» አላት።

«ማሻአላህ» አለች ሪም። እንድሪስ ያጸዳው ውሃ አይደፋም ብላ ጣሳውን አጠገቧ ለቆመችው ለልጇ ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ጥርሷ የወለቀ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ናት። ግጥም አድርጋ ጠጣችው፤ አፏን በእጇ ጠርጋ ለእንድሪስ ሳቀችለት። እሱ ምን አደረገ? ዶማውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ምላሱ እንዴት እንዳልተቆረጠ እንጃ!

ከዚያ ልጅቷ ታማ ወደቀች። ተቅማጡ አላቆም ሲላት፣ ዓይኗ ሲጎደጉድ፣ በባጃጅ አሶሳ ሆስፒታል ወሰዷት። አልሞተችም፤ አላህ ማራት። ስትመለስ ግን አንገቷ ቀጥኖ፣ በሪም ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር። ውሃ የሚመረምሩ ሰዎች ከከተማ መጥተው ናሙና ወሰዱና መልሱን ይዘው ተመለሱ፤ «ከላይ ካለ ሽንት ቤት ነው። ለወደፊቱም አይታመንም፣ ይዘጋ» አሉ። ከላይ ያለው አንድ ቤት ነው። ማንም ስም አልጠራም፤ ሁሉም ወደ አጥሩ አየ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚሉት ይሄንን ነው፤ ሪም ግን እሱንም አላለችም።

እንድሪስ በማግስቱ የታንኩን ወለል በሲሚንቶ ደፈነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የመዝጊያው ቀን ሪም ሰው ልካ እሱኑ አስጠራችው። የከፈተው ይዝጋው አለች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ከድጃም ምርኩዟን ይዛ ቆማ፣ እንድሪስ ድንጋይና አፈር በአካፋ ያወርድ ጀመር። መጀመሪያ ውሃው ጧ ይል ነበር፤ ከዚያ ድምፁ እየደነቆረ ሄደ። ሪም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ብትሰድበው በወደደ!

«እትዬ ሪም» አለ በመጨረሻ፣ ላቡና እንባው ተደባልቆ፣ «አፉ በይኝ።»

ሪም ቀና ብላ አየችው።

«ሽንት ቤቱ፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ሰው ይሳሳታል» አለች። «ያ ቀን ግን ጾም አልነበርክም። አንተ ሄደ፣ እኔ በአጥር አየሁ። ከድጃ ምሳ ሰጠችህ፣ በላህ። እኔ እንዲህ አልኩ፦ ረስቶ ይሆናል፣ ሰው ጾም ይረሳል። ክፉ አላሰብኩም። በነጋታው ለልጅቷ ደግሜ ቀዳሁላት።»

እንድሪስ አካፋውን አንሥቶ አፈሩን ማውረድ ቀጠለ። በዕድሜው የገዛ እጁ ጉድጓድ ሞልቶ ያየው ያን ቀን ነው።

ማታ ገና ሳይጨልም፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣ ከድጃን ፈልጎ አጣት። ነጩ መቀመጫ ያለበት ክፍል በሩ ክፍት ነው፣ ማንም የለበትም። ወደ ጓሮ ቢዞር፣ በአንድ እጇ ምርኩዙን፣ በሌላው የቀርከሃውን አጥር ይዛ፣ በጭቃው ውስጥ እየተጎተተች ወደ አሮጌው የእንጨት ርብራብ ስትሄድ አገኛት።

«ምን ሆነሻል? ጉልበትሽን ልትሰብሪ ነው? ደፍኜዋለሁ እኮ፣ አሁን ወዴትም አይሄድም!» አላት።

ዞር ብላም አላየችው።

«እኔ በሪም ውሃ ላይ አልቀመጥም» አለችው።

ሊደግፋት እጁን ቢዘረጋ ገፋችው። እንጨቱን ይዛ ቁጢጥ ስትል ያ ድምፅ ወጣት፤ እንድሪስም ዝናብ ላይ ቆሞ ሰማው።