ጥቁር ገብቶ ብርማ የወጣው ውሻ

ለቡ መብራት ኃይል ያለው የእንስሳት ክሊኒክ የውሻ ፀጉር ለመቁረጥ ስቀጠር፣ ጎፋ ውስጥ ሰባት ዓመት የሰው ፀጉር ቆርጬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሰላም ፑድል የሚባል ከርዳዳ ፀጉር ያለው ውሻ ሰጡኝ። አበጥሬ ጨረስኩ ስላቸው ጣቴን ይዘው ፀጉሩ ውስጥ ከተቱት። ላዩ ለስልሷል፣ ከሥር ግን እንደ ፍራሽ ጥጥ ተጠቅጥቋል።

“ከርዳዳ ፀጉር አይረግፍም” አሉኝ። “የሞተው ከአዲሱ ጋር ይጠላለፋል። ማበጠሪያህ ቆዳው ጋ ካልደረሰ ገና አልጀመርክም።”

የፑድልን ቀለም የተማርኩት ግን ቀስ ብዬ ነው። ቡናማው ሲያድግ ወተት እንደበዛበት ማኪያቶ ይሆናል። የሚያሳስተው ብርማው ነው፤ ሲወለድ ጥቁር ነው።

ወይዘሮ አስቴር የመካኒሳ አቦ ሰው፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የሁለት ወር ጥቁር ፑድል ቡችላ ይዘው መጡ። ስሙ ከሰል ነው።

“ባለቤቴ ነው የገዛልኝ። እሱ ራሱ ታሟል፤ ሆስፒታል ሲተኛ ቤት ብቻዬን እንዳልሆን ብሎ” አሉኝ። “ጥቁር ካልሆነ አልገዛም ብሎ ስንት ቦታ ዞረ መሰለህ።”

ፊቱን በቶንዶስ ስላጨው ከጥቁሩ ሥር፣ ቆዳው አጠገብ፣ ጥቂት ብርማ ታየኝ። ለዶክተር አሳየኋቸው። “ቀለሙ ይለወጣል፣ ዛሬውኑ ንገራቸው” አሉኝ። እኔ ግን ቶንዶሱ አበላሸው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ ብዬ ቡችላውን አስረከብኳቸው።

የሚቀጥለው ከስምንት ወር በኋላ ሆነ። ወይዘሮ አስቴር ጥቁር ለብሰዋል። ባለቤታቸው አርፈዋል። የከሰል ፀጉር ሳይበጠር ከርሞ ተጣብቋል፤ ፊቱም አመድ መስሏል።

“አቧራ ነው፣ በደንብ እጠበው” ብለው ሄዱ። እሺ ብዬ ተቀበልኩት።

ማበጠር ስለማይቻል ከሥሩ ላጨሁት። ፀጉሩ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ አንድ ላይ ተነሳ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ብርማ ውሻ ነው። ፀጉሩን ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ በር ላይ አወጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ከልጃቸው ጋር መጡ።

“ይሄ የእኔ አይደለም” አሉ።

“እሱ ነው እትዬ አስቴር።”

ከሰል እግራቸው ላይ ተንጠላጠለ። እጃቸውን ሰበሰቡ።

“ቡችላ ማንንም ይወዳል” አለ ልጃቸው፣ በሩ ላይ ቆሞ። “የአባቴን ውሻ የት ሸጣችሁት? ፖሊስ እስኪመጣ ከዚህ የሚወጣ የለም።” ስልኩን አወጣ።

ዶክተር ወደ እኔ ዞሩ። “ፀጉሩ የት አለ?”

ልጁ ስለምነው አብሮኝ ወጣ። በር ላይ ማዳበሪያው የለም። የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ ኮብልስቶኑን ይዞ እየወረደ ነው። ሮጬ ደረስኩባቸው። ማዳበሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሰብሳቢዎቹ ሴቶች እየተቆጡ አራት ማዳበሪያ መንገድ ላይ ዘረገፉልኝ። ፀጉሩ አራተኛው ውስጥ ነበር።

ስንመለስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ውጪው ጥቁር ነው። ገለበጥኩት፤ ውስጡ ብርማ ነው። ልጁ አንድ ዘለላ ነቅሎ ወደ መስኮቱ ያዘው። ጫፉ ጥቁር፣ ሥሩ ብርማ። ከውሻው ፀጉር ጋር አስተያየው። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ወይዘሮ አስቴር ግን እኔን ነበር የሚያዩት።

“መቼ ነው ያወቅከው?”

“መጀመሪያ ፊቱን የላጨሁ ቀን።”

“ባለቤቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር” አሉ። “ብትነግረኝ እነግረው ነበር። ያን ሁሉ ዞሮ ብርማ መግዛቱን ቢሰማ ይስቅ ነበር። ያን ሰሞን የሚያስቀው አጥተን ነበር።”

ከጥቁሩ ፀጉር ጥቂት በፌስታል አስቋጠሩኝ፤ ውሻቸውን አቅፈው ወጡ። ተመልሰው አልመጡም።

አሁን መቁረጫ ከማንሳቴ በፊት፣ ባለቤቱ እያየ የውሻውን ፀጉር ገልጬ ሥሩን አሳያለሁ። የማየውን እዚያው እናገራለሁ፤ የሚቆጣም ካለ ያኔ ይቆጣ።