የመጨረሻዋ ቃል

ሞጣ ከተዛወርን ወዲህ ዝምታዋ ሲያስጨንቀኝ የከረመው ልጄ፣ ዛሬ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እያጨበጨበች «ዝናብ መጣ ከጮቄ» አለች።

ግጥሙን አውቀዋለሁ። ነርሷ እናቴ ከሐዋሳ ቢቸና ተመድባ ስንመጣ፣ መዋዕለ ሕፃናት ገብቼ ትንፍሽ ሳልል ከረምኩ። መምህራችን እትዬ ብርቄ እያጨበጨቡ ይጀምሩና የመጨረሻዋን ቃል ለአንድ ልጅ ይተዋሉ። ተራዬ ሲደርስ ዝም ብልም አያልፉኝም፤ ይጠብቁኛል። እናቴ ተስፋ ቆርጣ ልታስወጣኝ የመጣች ዕለትም «ልግባ ቤቴ…» ብለው ጠበቁኝ።

«ተጠንቅቄ!» አልኩ።

እናቴ በሩን ተደግፋ «እፎይ!» ስትል፣ እትዬ ብርቄ «ዘመድ ቸግሯት እንጂ ቃል ቸግሯት አልነበረም» አሏት። ያኔ አልገባኝም።

ልጄም «ልግባ ቤቴ…» ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። ድምፄ አልወጣ አለኝ፤ እሷ ግን አላለፈችኝም።