የኔታ ለራፕ ርእስ የሰጡ ዕለት

የቀበሌያችን የወጣቶች አዳራሽ የማዳበሪያ መጋዘን ሊሆን አንዲት ፊርማ ብቻ ቀርታው ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ከፊሎቹ ራፕ ይላሉ፣ ከፊሎቹ ይደንሳሉ፣ ጎረቤት ደግሞ ያማርራል። የአስተዳደሩ ሰዎች ማንንም ላለማስቀየም ሲሉ ነገሩን ወደ ሽማግሌ መሩት። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይስሙ፤ ቁም ነገር ያለው ከሆነ አዳራሹ ለልጆቹ ይጽና፣ ጩኸት ብቻ ከሆነ ማዳበሪያው ይግባ ተባለ።

ከሦስቱ አንዷ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ቤታቸው ከአዳራሹ ጋር በግድግዳ ስለሚዋሰን የመጀመሪያዋ ከሳሽም እሳቸው ነበሩ። ከሳሽ ዳኛ ሊሆን አይገባም ብዬ በሥርዓቱ ተቃወምሁ።

«ታዲያ ማን ይዳኘው ጋሼ? የሚጮኸው እርስዎ ቤት ነው እንዴ?» አሉኝ። ተቃውሞዬን አነሣሁ።

ሁለተኛው የኔታ ናቸው። ላሊበላ ውስጥ ቅኔ ሲያስተምሩ አርጅተዋል፤ እኔና እሳቸው በልጅነታችን ገነተ ማርያም አጠገብ ከአንድ መምህር እግር ሥር ቅኔ ቆጥረናል። እሳቸው በዚያው ጸኑ፤ እኔ ወደ አስኳላ ሄድሁ። በሰው ፊት አንቱ እላቸዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን ግን እንደ ጥንቱ አንተ እንባባላለን።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። የተመረጥሁበት ምክንያት ምስጢር አይደለም። ጡረታ ከመውጣቴ አስቀድሞ ጀምሮ ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «የራፕ መምህር» ይሉኝ ነበር።

ቅጽል ስሙን ያተረፍሁት እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥነ ልሳን እንዳጠና ወደ ኒውዮርክ ተላክሁ፤ ኪራይ ርካሽ የነበረው ብሮንክስ ስለነበረ እዚያ አደርሁ። ግማሹ ሕንፃ የተቃጠለ፣ መስኮቱ በሳንቃ የተመታ ሰፈር ነበር። አንድ የበጋ ምሽት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ በሰፈሩ መናፈሻ ሕዝብ ተሰብስቦ አየሁ። ከመንገድ መብራት ምሰሶ ሽቦ ስበው ቁመታቸው ሰው የሚያህል ድምፅ ማጉያዎች አቁመዋል። አንድ ወጣት ሁለት የሸክላ ማጫወቻዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ጎንበስ ብሏል።

እኔ ሸክላን በጠርዙ ይዤ፣ በስስ ጨርቅ ጠርጌ፣ መርፌውን ትንፋሼን ውጬ የማሳርፍ ሰው ነበርሁ። ያ ወጣት የሚሽከረከረውን ሸክላ በመዳፉ ከላይ ተጫነውና ወደ ኋላ ጎተተው።

«ኧረ አበላሸኸው!» ብዬ ጮኽሁ፤ በአማርኛ። ዘወር ብሎ ያየኝም አልነበረም።

ያደርግ የነበረውን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ዘፋኙም ጊታሩም ዝም ብለው ከበሮው ብቻውን የሚቀርባት አንዲት አጭር ስፍራ አለች። ሕዝቡ የሚወዳት እሷን ነው፤ እሷ ግን ቶሎ ታልፋለች። ወጣቱ አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለቱም ማጫወቻዎች ላይ አኑሮ፣ አንዱ ያችን ስፍራ ሲጨርስ በሌላው እየቀጠለ፣ የተጨረሰውን በእጁ ወደ መነሻው እየመለሰ፣ የምታልፈውን እንዳታልፍ አደረጋት። ዳንሰኞቹ መሬት ላይ ባነጠፉት ካርቶን በትከሻቸውና በጭንቅላታቸው ተሽከረከሩባት። ሌላ መሣሪያ የመግዛት ዐቅም ያልነበራቸው ልጆች ማጫወቻውን ራሱን መሣሪያ አደረጉት። እኔ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን የአጠቃቀም መመሪያ የማከብር ሰው ስሆን፣ መመሪያውን ጥሶ ዓለምን የሚያስከትል ነገር ሲፈጠር ቆሜ አየሁ፤ ይህን ስጽፍ ደስታው እስከ ዛሬ ይነዝረኛል።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ክቡ ነበር። ማይክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የያዘው ሰው በምቱ ላይ ቃል እየገጠመ ራሱን ያወድሳል፣ ተቀናቃኙን ይሸነቁጣል። አንዱ ሲል ሲል ቆይቶ ሕዝቡ በድንገት አጉረመረመ፤ ማይኩንም ነጠቁት። ከአጠገቤ የቆመውን ጎልማሳ ምን አጠፋ ብዬ ጠየቅሁት።

«የሰው ቃል ነው ያለው» አለኝ፣ ሌባ የተያዘ ያህል ተቆጥቶ።

በገነተ ማርያም ጉባኤም እንዲሁ ነበር። ተማሪው ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን ቅኔ የነገረ እንደሆነ የባልንጀሮቹ ሳቅ ከጉባኤው እስኪለይ ይከተለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርሁት ሥነ ልሳን ያን ምሽት ያየሁትን ያህል አላስተማረኝም።

ከዚያ ወዲያ የራፕ አቅራቢዎች ካሴት ሰብሳቢ ሆንሁ። ስም አልጠራም፤ ዛሬ ስማቸውን ከእኔ አስበልጠው የሚያውቁ ልጆች አሉ። አንዱ ድምፁ እንደ ዐዋጅ ነጋሪ የጎረነነ፣ የሰፈሩን መቃጠል ለመንግሥት የሚያረዳ ነበር። ሌላው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ቤት መምቻውን በስንኙ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን በመካከሉም የሚዘራ ጠንቃቃ ነበር፤ እኔ የማከብረው እሱን ነው። አንዲት ሴት ደግሞ ማይኩን ከወንዶቹ እጅ ተቀብላ ሳትመልሰው ቀረች። ክሩ የወለቀ ጫማቸውን፣ አንገታቸውን የሚያጎብጥ ሐብላቸውን፣ የባቡሩን ጎን ያለበሱትን ቀለም በመጀመሪያ አልወደድሁትም ነበር። ግን ማንም ያላያቸው ሰዎች እንዲታዩ ሲወስኑ በሹክሹክታ እንዲጀምሩ መጠበቅ የእኔ ስሕተት እንደሆነ ገባኝ።

ትምህርቴን ስጨርስ ካሴቶቼን ይዤ ተመለስሁና ደጋዋ ፍላቂት በመምህርነት ተመደብሁ። በዚያ ብርድ የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ቶሎ ስለሚደክም በረፋድ ፀሐይ አሙቀው ነበር። አንድ ቀን የኔታ፣ ያኔ ገና ወጣት መሪጌታ ሳሉ፣ ለመንገድ ሲያልፉ ቤቴ አደሩ። ያን ጎርናና ድምፅ አሰማኋቸው። ጎንበስ ብለው ካዳመጡ በኋላ፣

«ይህ ሰውዬ ማንን ነው የሚቆጣው?» አሉኝ።

አንድ አንጓ ተረጎምሁላቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«መልካም ተናግሯል። ነገስ? ነገም ይህንኑ ይላል?»

«እንዴታ! ካሴት ላይ ያለ ነዋ።»

«እንግዲያ ሞቷል» አሉ። «አንድ ቃል አንድ ቀን ይነገራል። በነጋታው ሌላ ነው። አንተ ይህን ረስተህ ነው ባሕር አቋርጠህ ሬሳ ተሸክመህ የመጣህ?»

ክርክራችን ከዚያ ቀን ጀመረ። እኔ ካሴቱ የክቡ ጥላ እንጂ ክቡ አይደለም እላለሁ፤ እሳቸው ጥላውን ብቻ አይቼ አላምንም ይላሉ። ፀጉራችን ሸበተ፣ ካሴቶቹም እየተልፈሰፈሱ ሄዱ፤ በየበዓሉ ስንገናኝ ግን «ያ ቁጡ ሰውህ ዛሬም ያንኑ ይላል?» ሳይሉኝ ጠላ አይቀምሱም።

እንግዲህ እኚህ ናቸው አዳራሹን ሊዳኙ የተቀመጡት።

ልጆቹ ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ወከሉ፤ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ከስልኳ አንድ ምት ለቀቀች። ጠንካራ፣ ደረቅ፣ ልክ ያለው ምት። ቆይቼ ለየሁት፤ የአባቷ መሮና መዶሻ ነው፤ ድንጋይ ሲጠርብ ቀድታ ቀጣጥላዋለች። የመናፈሻው ልጅ በሸክላ ያደረገውን እሷ በድንጋይ አድርጋዋለች። ወንበሬን ወደ ፊት ሳብሁ።

ግጥሟ የተጠና፣ የጠራ ነበር። ከአንጓው ቀጥሎ አዝማቹ መጣ፤ ልጆቹ አብረው አሉት። ሁለተኛ አንጓ፤ ዳግመኛ አዝማች። አሁን የኔታ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይቁም!»

ምቱ ጠፋ።

«ልጄ፣ ይህን አሁን ብለሽዋል።»

«አቤት የኔታ?»

«ይህንኑ ቃል። ቅድም ብለሽዋል፤ ደገምሽው። ሌላ የለሽም?»

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «አዝማች ነው የኔታ! ይደገማል!» አለ።

«አዝማች ለማኅሌት አለ፣ ለአዝማሪም አለ» አሉ። «እናንተ ግን ቃል እንፈጥራለን ብላችሁ ነው አዳራሽ የጠየቃችሁ። የተደገመ ከሆነ ማዳበሪያም ተደጋግሞ ይመጣል፤ እሱ ይግባ።»

በዚህች ምድር ላይ አንድ የራፕ አቅራቢ አዝማች ደገመ ተብሎ የሚጣልበት ቦታ ቢኖር የእኛ ላስታ ብቻ መሆን አለበት። የእድሯ ሰብሳቢ እጃቸውን አጣምረው «እኔማ ብያለሁ» አሉ። ሁለት ድምፅ ጠፍቷል ማለት ነው። የአዝማችን ሕግ ላስረዳ፣ ከብሮንክስ ጀምሬ ላብራራ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ልጅቱ ግን እጇን አንሥታ አስቆመችኝ፤

«ይቅር ጋሼ፣ ልክ ናቸው» አለች። ቀጥላም ወደ የኔታ ዞረች። «ያጠናሁትን ትቼዋለሁ። ርእስ ይስጡኝ፤ እዚሁ እላለሁ።»

ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ጓደኛዋ «አብሽሪ!» አለቻት፤ ድምፅዋ ግን ራሷን የምታጽናና ይመስል ነበር። የኔታ ፈገግ አሉ፤ ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፣ ተማሪን ጭንቅ ውስጥ ሲያስገቡ የሚያሳዩት ነው።

«ርእስሽ ዝምታ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በጩኸት ተከሰው ለቀረቡ ልጆች ዝምታ! የእድሯ ሰብሳቢ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ልጅቱ አልሳቀችም። ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ምት የለም ማለት ነው። ዓይኗን ጨፈነች። ዝም አለች፤ ዝምታዋ እየረዘመ ሲሄድ አለቀላት ብዬ ወለሉን አየሁ። እግሯ መሬቱን በቀስታ ሲመታ ሰማሁ፤ ቀጥሎም ድምፅዋን።

«ዝምታ አሉኝ የኔታ፤ የት አግኝቼው፣ የት አውቄ?
መሮ ቀስቅሶኝ ያደግሁ፣ ከመዶሻ ሥር ፈልቄ!
ግን አለች አንዲት ትንፋሽ፣ በምትና ምት መካከል፣
አባቴ መዶሻ አንሥቶ፣ ልኩን በዓይኑ ሲያስተካክል።
እሷን ወርሼ መጣሁ፣ ጆሮ ላለው ላካፍል።»

እዚህ ላይ ወደ እድሯ ሰብሳቢ ተራመደችና ከፊታቸው ዝቅ ብላ ጨረሰችው።

«እትዬ፣ ግድግዳዎ ቢርድ፣ አይቀየሙኝ አደራ፤
ልጆቹ ዝም ያሉ ለታ ነው፣ ሰፈር ሁሉ የሚፈራ።»

ማንም አላጨበጨበም። ጦርነት ሲቃረብ ልጆች ከየቤቱ የማይወጡበትን፣ ከተማው ጆሮውን ወደ መንገዱ አቅንቶ የሚቀመጥበትን ዝምታ በዚያ አዳራሽ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከቀመስነው ገና አልራቅንም። የእድሯ ሰብሳቢ ነጠላቸውን ከአፋቸው ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

በዚያ መካከል የኔታ መቋሚያቸውን በወለሉ ላይ መቱ።

«ይበል!»

ቅኔ ሲሠምር በጉባኤ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ የኔታ ለገዛ ተማሪዎቻቸው እንኳ ቆጥበው የሚሰጡት። አዳራሹ ተናወጠ። ጎረምሶቹ ጮኹ፣ ዘለሉ፣ አንዱ ካርቶን አንጥፎ በጭንቅላቱ ተሽከረከረ፤ እኔም፣ ብደብቀው አያምርብኝም፣ ባርኔጣዬን ወደ ጣሪያ ወረወርሁ።

ጸጥታ ሲሆን የኔታ ልጅቱን ጠሯት።

«ነገ ይህንኑ ትያለሽ?»

«አልልም የኔታ። ይህ የዛሬ ነው። ነገ ሌላ ርእስ ይሰጡኛል።»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። ያ ሁሉ ዘመን የፈጀ ክርክር በሕዝብ ፊት አንቱ እየተባባልን የሚቋጭ አልነበረም።

ፍርዱን ያሰሙት የእድሯ ሰብሳቢ ናቸው። «ማዳበሪያው ሌላ ቤት ይፈለግለት» አሉ። «እናንተም ያነቃነቃችሁትን ግድግዳዬን ለስኑልኝ፤ ጭቃውን በደንብ አቡክታችሁ ታዲያ፣ እንደ ዳንሳችሁ በጭንቅላት እንዳይሆን!» በሳምንቱ ቅዳሜ ልጆቹ ጭድና ጭቃ እያቦኩ፣ በምት እየመረጉ ግድግዳውን አሳመሩት። በጭቃው ውስጥ የቃል ክብ ተሠርቶ እንደነበረ እኔ ምስክር ነኝ፤ ሰብሳቢዋም ከበራፋቸው ሆነው ርእስ ሲሰጡ ሰምቻቸዋለሁ።

ያን እሑድ ግን ከአዳራሹ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ የኔታ ክንዴን ያዙ። ሰው አልነበረም።

«ተረታሁ አልልህም» አሉኝ።

«አትበል። ይበል ብለሃል፤ ይበቃኛል።»

ጥቂት እንደሄድን ቆሙ።

«ያ ቁጡ ሰውዬ» አሉ፣ «እሱም መጀመሪያ እንዲህ ነበር? ክብ ውስጥ ቆሞ፣ ሳያጠና?»

«እንዲህ ነበር። ከመብራት ምሰሶ ሥር።»

«ካሴቱ አለ?»

«ድምፁ ይርገበገባል እንጂ አለ።»

«እንግዲያ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አውጣው» አሉና መቋሚያቸውን አስቀድመው መንገዱን ወደ እኔ ቤት አቀኑ።