የቡላው የመጀመሪያ ማንኪያ

ጣፈጠች ከጸሎት የማትለይ፣ በእምነቷ የጸናች ሴት ነበረች። በ1952 ዓ.ም. ሻንቶ ከተማ አጠገብ ስትኖር፣ ሁለት ልጆቿ መጀመሪያ እህል በቀመሱ ማግሥት ስለ ሞቱባት፣ ሦስተኛውን ልጇን ሶርሳን እህል ማቅመስ ፈራች፤ ስምንት ወር ሞልቶትም ጡት ብቻ እየጠባ ከሳ።

አንድ ቀን ቀጭን የቡላ አጥሚት አዘጋጀች። አማቷ፣ «የመጀመሪያውን ማንኪያ ለቤታችን ሙታን በቤቱ ምሰሶ ሥር አፍስሺ! ጸሎትሽ እነዚያን ሁለቱን አዳነልሽ እንዴ?» አሏት።

«እማዬ፣ አላፈስም፤ ሰጪው እግዚአብሔር ነው» አለች።

ሕፃኑ ከማንኪያው ፊቱን አዞረ። ማንም ወደሌለበት ምሰሶ አይቶ ሳቀ፤ ከምሰሶው ሥርም የሁለት ሕፃናት ሳቅ መለሰለት። አማቷ ሸሹ። ጣፈጠች ግን «በኢየሱስ ስም» ብላ አጎረሰችው። ዋጠ።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ሕያው ነበር፤ አጥሚቱንም ፈልጎ አለቀሰ።

እግዚአብሔር እርሷንና ቤቷን ይባርክ።