ጋሽ ግሬደርና ተለዋጩ መንገድ

ሠላሳ አንድ ዓመት ግሬደር ነድተው ጡረታ የወጡትን ሰው ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሽ ግሬደር» ይላቸዋል። የሚኖሩባት ከተማ መውጫ አንድ አውራ ጎዳና ብቻ ነበር፤ እሱም በገደል ሥር ስለሚያልፍ ዝናብ በጠና ቁጥር ድንጋይ ይናድበትና ይዘጋል። አምና የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ሲወለድ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተዘጋ። ልጃቸው የምትኖርበት ከተማ የግማሽ ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ ሕፃኑን ያዩት በስልክ ነው። ባለቤታቸው ስልኩን እየሳሙ አለቀሱ።

ስለዚህ ከኮረብታው ጀርባ ተለዋጭ መንገድ ሊሠራ ነው ሲባል ማንም ሳይጠራቸው በጠዋት ከቦታው ተገኙ። ሥራውን የምትመራው ወጣት መሐንዲስ ካርታዋን መኪና ላይ ዘርግታለች።

«ልጄ፣ በዚህ ሜዳ አታሳልፊው። ውሃ ይይዛል።»

«አባባ፣ ካርታው ላይ እኮ ደረቅ ነው።»

«ካርታው እዚህ አልከረመማ!»

ሳቀች፤ ግን ብረት አስመጥታ መሬቱን አስወጋች። ብረቱ ክንድ ሙሉ ጭቃ ለብሶ ወጣ። የመንገዱን መስመር ለማመልከት የተተከሉትን ችካሎች በገዛ እጇ እየነቀለች «በሉ እሺ፣ የት ልትከላቸው?» አለች።

በሳምንቱ የግሬደሩ ሹፌር ታመመ። «ለአንድ ቀን ብቻ» ብለው የወጡት ጋሽ ግሬደር ሁለት ወር አልወረዱም።

«ወገቤን ወገቤን ሲል የከረመው ሰውዬ የት ገባ?» ይላሉ ባለቤታቸው፣ አቧራ የጠጣ ሸሚዛቸውን እያራገፉ።

«መሪ ስይዝ ይተወኛል!»

መንገዱ ጠጠር ለብሶ ባለቀ በሦስተኛው ሳምንት ዶፍ ወረደ፤ ዋናው መንገድ ተዘጋ። ትራፊክ ፖሊሱ መኪናውን ሁሉ ወደ ኮረብታው ጀርባ መለሰው። ጋሽ ግሬደር ጃንጥላ ይዘው መታጠፊያው ላይ ቆሙ። የዳቦ መኪና አለፈ፤ አምቡላንስ አለፈ። ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ሲመጣ ጎንበስ ብለው ከጎማዎቹ ሥር መሬቱን አዩ። መንገዱ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ አንድ ሚኒባስ አጠገባቸው ቆመ። ከፊት ወንበር ባለቤታቸው ብቅ አሉ።

«ግባ እንጂ! ልጁ ዛሬ ዓመቱን ይደፍናል።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ጡረተኛ ደግሞ ምን ሥራ አለው?»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ገቡ። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ «ሹፌር፣ እዚህች ጋ ቀኝህን ያዝ» ብለው ሲጀምሩ ባለቤታቸው ጉልበታቸውን መታ አደረጓቸው።

«ዛሬ ተሳፋሪ ነህ። አርፈህ ተቀመጥ!»

ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባቸው። ልጃቸው በሩን ከፍታ ሁለቱንም ስታይ «እንዴ! መንገዱ ተዘግቷል ሲሉ ብቻችንን ልናከብር ነው ብዬ…» አለችና አቀፈቻቸው። ልጁ ከክንዷ ተንጠራርቶ የአያቱን እርጥብ ባርኔጣ ጨበጠ፤ ጋሽ ግሬደርም እስኪጠግብ እንዲጎትተው ጎንበስ አሉለት።